አራቱ አስ በማን እጅ ይሁኑ?

ለትርኢት ብሎ የካርታ ምትሃት የሚማር ወጣት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጣት ቅልጥፍና ነው። በስልክ ያየውን የእጅ ፍጥነት እስኪደርስበት ወራት ይደክማል። በነቀምቴም ሆነ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዲጋ፣ ሰው ዙሪያውን ከቦት ለሚሠራ ጀማሪ ግን የምመክረው ሌላ ነው፤ ካርታው በተመልካቹ እጅ ሆኖ የሚሠራውን የአራቱን አስ ትርኢት ያስቀድም። አስ የተመረጠው በምክንያት ነው። መሐሉ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ስላለው ከሩቅ ይለያል፤ ኮንከን ተጫውቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አራቱ የአንድ ወገን መሆናቸውን ወዲያው ያያል።

አሠራሩን መናገር ምስጢር ማባከን አይደለም። የምትሃት ጸሐፊዎቹ ዣን ሂዩጋርድና ፍሬድሪክ ብራው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለጀማሪዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አራቱ አስ አስቀድመው ከካርታው አናት ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ካርታውን አራት ቦታ ይከፍለዋል። ከዚያም አንዱን ክምር አንስቶ ሦስት ካርታ ከላይ ወደ ሥር ያዞራል፤ ቀጥሎ በሌሎቹ ሦስት ክምሮች ላይ አንድ አንድ ያድላል። በሁሉም ክምር እንዲሁ ያደርጋል። አስ ያሉበት ክምር ግን ተራው መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። ሲገለጥ በየክምሩ አናት አንድ አንድ አስ ይገኛል። በደንብ ከተበወዘ ካርታ ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ270,725 አንድ ጊዜ ነው። ሰውየው ቁጥሩን ባያውቀውም ሊሆን የማይችል ነገር በገዛ እጁ እንደሆነ ይገባዋል። እዚህ ላይ ነው የእኔ ክርክር የሚቆመው፤ ምትሃተኛው ካርታውን ስላልነካ ተመልካቹ የሚጠረጥረው እጅ አያገኝም። የምትሃተኛውም ዓይን ከጣቱ ተላቆ ሰው ፊት ላይ ይውላል። «ኦቦ፣ እስቲ እርስዎ ይክፈሉት» ብሎ አንድ አዛውንት ሲጋብዝ፣ ካርታው ወደ ሥር ሲዞር ልጆቹ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ አብረው ሲቆጥሩ፣ ትርኢቱ የሁሉም ይሆናል። የአካባቢው ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። በሂቦ፣ በኦሮሞው የእንቆቅልሽ ጨዋታ፣ ጥያቄው ያለ መላሽ አይሄድም፤ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጨዋታ አይደለም።

«ራሱ የሚሠራ ነገር ሙያ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከባድ ነው፤ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመለት ሥራ፣ አራቱ አስ አንድ በአንድ በእጅ ውስጥ ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ በእውነት ድንቅ ነው። ግን ሁሉም የሚሆነው በምትሃተኛው እጅ ነው፣ ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ማሳየቱም ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ጀማሪው ሐሳቡ ሁሉ ጣቱ ላይ ስለሚሆን ሰው ማናገር ያቅተዋል። በተመልካቹ እጅ የሚሠራውም ቢሆን ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ብቻ ነው። ሰው ካርታውን እኩል አይከፍልም፣ ክምሮቹን እንደፈለገ ያስቀምጣል፣ መመሪያውን ግማሹን ሰምቶ ይጀምራል። አስ ያሉበት ክምር የቱ እንደሆነ ሳይዘነጋ፣ ሰውየውን ሳያሳፍር፣ በተራው እንዲሄድ በቃል ብቻ መምራት ትልቅ ሙያ ነው። የጣቱ ጥበብ ከዚህ በኋላ ሲመጣ ቦታውን ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ የጠነከረ ነው፤ ካርታ የቁማር ዕቃ ነው፣ ምትሃትም የጥንቆላ ዘመድ ነው የሚሉት። ምእመን በበዛበት በወለጋ ይህን ንቆ ማለፍ ስሕተት ነው። ለቁማሩ መልሱ ራሱ አሠራሩ ውስጥ አለ። በሦስት ካርታ ሰው የሚያታልለው የመንገድ ቁማርተኛ ካርታውን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነው፣ የሚጫወተውም ለገንዘብ ነው። እኛ ካርታውን እንሰጣለን፣ ገንዘብ አንቀበልበትም። ስለ ጥንቆላው ደግሞ የአራቱ አስ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 መጽሐፍ ያሳተመው ሰዎች በጥንቆላ እየተከሰሱ የሚገደሉበትን እምነት ለመቃወም ነበር። ተአምር የሚመስለው የእጅ ጥበብ እንደሆነ ለማስረዳት ምስጢሮቹን ሲዘረዝር፣ አራት አስ ወደ አራት ጃክ የሚለወጡበትን ዘዴም ጽፎበታል። ስለዚህ ምትሃተኛው ከመጀመሩ በፊት «ይህ የእጅ ጥበብ ነው፣ ኃይል የለኝም» ብሎ መናገር አለበት። ሲናገር አድናቆቱ ይቀንሳል የሚለውን ፍርሃት አልቀበልም፤ ኃይል እንደሌለ የተነገረው ሰው አራቱን አስ በራሱ ክምሮች ላይ ሲያገኝ የበለጠ ይደነቃል።

ለሚማሩ ወጣቶች የምለው ይኸው ነው፦ አንድ ጥቅል ካርታ ያዙ፣ ይህን አንድ ሥራ ከቤተሰብ ጋር በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እየተናገራችሁ ልመዱ፣ ገንዘብ ለሚያስይዝ ሰው አታሳዩ፣ ካርታውንም ለአዛውንት በሁለት እጅ ስጡ።