ለሁሉ የሚደርስ ድምፅ

ሰው በኮረብታ ላይ ቆሞ ቢጣራ ድምፁ የሚደርሰው እስከ ማዶው ኮረብታ ነው። አዋጅ ነጋሪም በገበያ መካከል ነጋሪት አስጐስሞ ቢናገር ቃሉን የሚሰማው በገበያው ያለ ሰው ብቻ ነው፤ በቤቱ የቀረው ሰው የሚያገኘው የሰሚ ሰሚ ነው። ራዲዮ ከተገኘ ወዲህ ግን አንድ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሲናገር በከተማና በገጠር፥ በየብስና በባሕር ያሉ ብዙ ሰዎች ቃሉን በዚያው ቅጽበት ይሰሙታል። በጣቢያው ያለው መሣሪያ የተናጋሪውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ከረጅም ምሰሶም ላይ በማይታይ ሞገድ ወደ አየር ይልከዋል። በየቤቱ ያለውም ራዲዮ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ቢ ቢ ሲ የተባለው ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ዓመት ተቋቋመ፤ በ1927 ዓመትም በንጉሥ ፈቃድ የሕዝብ ድርጅት ሆነ። በዚያ ዘመን ራዲዮ በቤቱ ያለው ሰው በየዓመቱ የፈቃድ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ይኸውም በመጀመሪያ 10 ሺሊንግ፥ ከ1946 ዓመት ጀምሮ አንድ ፓውንድ ነበረ። ባለጠጋውም ድኻውም የሚከፍለው እኩል ነበረ። ከሁሉ የተቀበለ ደግሞ ለሁሉ ሊሰጥ ይገባዋል። ነገር ግን ሽማግሌው የሚወደውን ሕፃኑ አይወደውም፤ ገበሬው የሚሻውን ሠራተኛው አይሻውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገር ሰሚ አይገኝም። ስለዚህ ቀኑን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ተራ ሰጡት።

የዚህን ነገር አኳኋን ለመረዳት በ1950 ዓመት በምሥራቁ የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የሚኖር የአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤተ ሰብ እንደ ምሳሌ ይታሰብ። አባትየው በጀልባ ወደ ባሕር ሄዷል። በቤት የቀሩት እናት፥ አሮጊት አያት፥ የዐሥር ዓመት ልጅና ትንሽ እኅቱ ናቸው። በዚያን ጊዜ ለብዙ የገጠር ቤቶች ኤሌክትሪክ ገና አልገባላቸውም ነበርና ራዲዮው የሚናገረው በባትሪ ነው። ባትሪው አሲድ የሚባል የሚያቃጥል ፈሳሽ ያለበት የብርጭቆ ዕቃ ነው። ኃይሉ ሲያልቅ ልጁ በጥንቃቄ ተሸክሞ ወደ ሱቅ ይወስደዋል፤ በዚያም ኃይል ይሞላበታል። ስለዚህ በዚህ ቤት ራዲዮ መስማት እንደ ኩራዝ ማብራት ነው፤ ዘይቱን ያለ ልክ የጨረሰ ሰው በጨለማ ያድራል።

ሰዓቱ በኢትዮጵያ ልማድ ሲቈጠር፥ ጧት በ1 ሰዓት ወሬ ይነበባል። ሰዓት ሲሞላ የግሪኒችን ሰዓት የሚያመለክት ስድስት አጫጭር ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ምልክት ከ1924 ዓመት ጀምሮ የተለመደ ነው። የባቡር ሹሙም መምህሩም ሰዓታቸውን በእርሱ ያስተካክላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከወሬው በፊት አንድ ሰው በስሙ ይጠራል። ይኸውም እናቱ ወይም አባቱ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ይዞአቸው፥ እርሱ ግን የት እንዳለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ራዲዮው ስሙንና ሕመምተኛው የተኛበትን ሆስፒታል ይናገራል። የተጠራው ሁሉ አልተገኘም፤ ነገር ግን ጥሪውን ሰምቶ ወላጁን በሕይወት ያገኘ ሰው ነበረ።

3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የቤት እመቤቶች በደብዳቤ የመረጡት ዘፈን ይሰማል። እናትየውም ዘፈን ብትወድ አንዱን ብቻ ሰምታ ትዘጋዋለች። 4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስለ አያትየዋ እንደ ገና ትከፍተዋለች። አያትየዋ እግሯን ታምማ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይቻላትምና የዕለቱን ጸሎት በቤቷ ትሰማለች። ይህ ጸሎት በ1928 ዓመት የተጀመረው አንዲት ሰሚ ደጋግማ ስለ ለመነች ነው።

ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ለሚሠሩ ሰዎች ፈጣን ሙዚቃ ይሰማል። ይህንንም ያሰቡት በ1940 ዓመት በጦርነቱ ጊዜ፥ ሠራተኞች አንድ ዐይነት ሥራ ሲደጋግሙ እንዳይሰለቹ ነው። በትምህርት ቤቶችም ከ1924 ዓመት ጀምሮ የራዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ በሩቅ መንደር ያለው ተማሪ በከተማ ያለውን ሊቅ ይሰማዋል።

7 ሰዓት ከ45 ሲሆን የትንሽቱ ልጅ ተራ ይመጣል። ለሕፃናት የሚነገረው ተረት 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ተራኪዋም አስቀድማ ልጆቹ ተመችቷቸው እንደ ተቀመጡ ትጠይቃለች። በ8 ሰዓት ስለ ጤናና ስለ ልጆች አያያዝ ለሴቶች ይነገራል። በ11 ሰዓት ደግሞ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆች ታሪክና ተውኔት ይቀርባል።

በዚያ ቀን ልጁ የጀመረውን ታሪክ መጨረሻ ለመስማት ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። እናቱ ግን በመስኮት ባሕሩን ታይ ነበር፤ ነፋሱ በርትቶ ማዕበሉም ነጭ አረፋ ይደፍቅ ጀምሮ ነበር። «ልጄ ሆይ፥ ባትሪው ደክሟል፤ ሱቁም እስከ ነገ ዝግ ነው። አሁን ብንከፍተው ለማታ አይተርፍም» አለችው። ልጁ እጁን በመክፈቻው ላይ አድርጎ ጥቂት ዝም አለ። ታሪኩን ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው ነበርና አዘነ። በኋላ ግን እጁን አነሣ። «እናቴ፥ የእኔ ተራ ሌላ ቀን ይመጣል፤ የአባቴ ነገር ግን ዛሬ ነው» አለ።

የባሕር አየር ወሬ በዚያ አገር ትልቅ ነገር ነበረ። በደሴቱ ዙሪያ ያለው ባሕር በክፍል ተከፍሎ ዶገር፥ ሐምበር፥ ቴምዝ እየተባለ ስም ተሰጥቶታል። አንባቢው የእያንዳንዱን ክፍል ነፋስ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣም በፕሮግራም መካከል ያስጠነቅቃል። ከ1939 እስከ 1945 ዓመት በጦርነቱ ጊዜ ጠላት እንዳይጠቀምበት የአየር ወሬ በራዲዮ አይነገርም ነበር። ያን ጊዜ የመርከበኞች ቤተ ሰቦች የዝምታውን ክብደት አወቁ።

ከመሸም በኋላ እናትየው ራዲዮውን ከፈተችው። በትልልቅ ከተሞች ያሉ ሰዎች በዚያ ሰዓት የሊቃውንትን ንግግርና ረቂቅ ሙዚቃ ይሰሙ ነበር፤ ከ1946 ዓመት ጀምሮ ለዚህ የተለየ ሦስተኛ ፕሮግራም ነበራቸውና። እርስዋ ግን የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። አንባቢው በሐምበር ባሕር ብርቱ ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ተናገረ። ወዲያው ድምፁ እየደከመ ሄደና ጠፋ፤ ባትሪው አለቀ። እናትየውም ፋኖስ አብርታ በመስኮቱ ላይ አኖረች።

አባትየውም በጀልባው ባለው ራዲዮ ያንኑ ቃል በዚያው ሰዓት ሰምቶ ነበር። መረቡ ገና ባይሞላም አውጥቶ ወደ ወደቡ ተመለሰ። ሊነጋ ሲል ልብሱ እንደ ራሰ ወደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱም ልጁ ባትሪውን ተሸክሞ ወደ ሱቅ ሄደ።

ራዲዮ በራሱ ብልህ ወይም ሰነፍ አይደለም። ሰዎች እውነትን ሲያናግሩትና ለእያንዳንዱ ተራ ሲሰጡበት ለብዙዎች ይጠቅማል። የሚሰማውም ሰው የራሱን ደስታ ብቻ ሳይመለከት የጐረቤቱንና የቤተ ሰቡን ተራ ሊጠብቅ ይገባዋል። ልጁ በዚያ ማታ የታሪኩን መጨረሻ አልሰማም፤ ነገር ግን ባይታገሥ ኖሮ እናቱ የማስጠንቀቂያውን ቃል ባልሰማች ነበር።