ባሕር የሌለው ዳርቻ፦ የደጋ ጨፌ ወፎች፣ የኮቴ ሒሳብና የጓሳ ሥርዓት

«የዳርቻ ወፎች» የሚለውን ስም የሰማ ተማሪ አስቀድሞ በዓይነ ሕሊናው የሚሥለው አሸዋማ የባሕር ጠረፍን፣ በማዕበሉ ጫፍ ላይ ወዲያ ወዲህ እየሮጡ ትላትል የሚለቅሙ እግረ ረጃጅም ወፎችን ነው። ሥዕሉ ስሕተት ባይኖርበትም ጎዶሎ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢያስተውል፣ በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል በተዘረጋው ደጋ ላይ ውኃ ያዘለ፣ ለእግር የሚሰምጥ፣ ሣሩ አጭር የሆነ መሬት በየመስኩ ያገኛል። አገሬው ጨፌ ይለዋል። ለአንዲት የዳርቻ ወፍ ጨፌውና የባሕሩ ጠረፍ በዋናው ጉዳይ አይለያዩም፤ የምትፈልገው ማዕበሉን ሳይሆን መንቁሯ የሚገባበት ለስላሳ መሬት፣ በውስጡም የሚንቀሳቀስ ምግብ ነው። አፈሩ ውኃ ሲይዝ ለመንቁር የሚያሳየው ተቃውሞ ይቀንሳል፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠጥራል። እንግዲህ የወፏን መኖሪያ የሚወስነው ከባሕር ያለው ርቀት ሳይሆን የአፈሩ እርጥበት ነው።

ባለቤቷና እንግዶቹ

ከእነዚህ ወፎች አንዷ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አትገኝም። ሳይንሳዊ ስሟ ቫኔለስ ሜላኖሴፋለስ ይባላል፤ በ1845 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንሱ ዓለም የገለጻት ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የግሪክ ትርጉሙ «ጥቁር ራስ» ማለት ሲሆን፣ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከደረቷ ነጠብጣብ በመነሳት «ደረተ ዝንጉርጉር» እያልን እንጠራታለን። ስሙ የእኛ ስያሜ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን፤ የተሻለ የአገር ስም ያለው ቢኖር በደስታ እንቀበላለን። ራሷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ከመንቁሯ ሥር ቢጫ ቆዳ የሚታይባት፣ ሆዷ ነጭ የሆነ ወፍ ናት። የምትኖረው በደጋና በውርጭ ሣራማ መሬቶችና ረግረጎች ላይ ሲሆን፣ የምትራባውም በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በመንጋ ሆና ትታያለች።

እንግዶቹ ደግሞ ሌሎች ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ የሚመጡ ልዩ ልዩ የዳርቻ ወፎች በየወንዙ ዳርና በየጨፌው ይሰፍራሉ፤ በጋውን አሳልፈው ከሚያዝያ በፊት ወይም በሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የእነዚህ ወፎች ነገድ በጉዞ ጽናቱ የታወቀ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ምልክት መላኪያ መሣሪያ የታሠረበት አንድ ባለ ረጅም መንቁር የዳርቻ ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ ታዝማኒያ እስኪያርፍ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር ያህል በ11 ቀናት ውስጥ ያለ አንዳች ዕረፍት በርሯል። አካፍለን ብናየው በሰዓት ወደ 51 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወፉ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከአምስት ወር ገደማ አይበልጥም ነበር። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚቻለው አስቀድሞ በሚከማች ስብ ሲሆን፣ ስቡም የሚከማቸው በእንደዚህ ዓይነቱ ጨፌ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን እንግዶቹ ሳይሆኑ ባለቤቷ ናት፤ ምክንያቱም እንግዳው ሲበላ ብቻ ነው የሚታወክ፣ ባለቤቷ ግን ስትወልድ ነው የምትታወክ።

እንቁላልና የአየር ግፊት

የደረተ ዝንጉርጉር ዘመዶች ጎጆ የሚባል ነገር እምብዛም አይሠሩም። መሬቱን በደረታቸው ጎድጎድ አድርገው፣ ጥቂት ሣር አነጥፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል ይጥላሉ። መከላከያቸው የቅርፊቱ ቀለም ከመሬቱ ጋር መመሳሰሉ ነው። ይህ ከቀበሮና ከጭልፊት ዓይን ይሰውራል፤ ከላም ኮቴ ግን አያድንም። ወደ ኮቴው ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር እንበል፤ የፊዚክስ ሰዎች ነንና ማለፍ አልሆነልንም።

እንቁላል ዝግ ዕቃ አይደለም። በዶሮ እንቁላል ቅርፊት ላይ ወደ አሥር ሺሕ የሚጠጉ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱ በኩል ኦክስጅን ይገባል፣ የውኃ ተንም ይወጣል። ሄርማን ራንና አሞስ አር በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የብዙ ወፎች እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ ከመጀመሪያው ክብደቱ ከመቶ ወደ 18 የሚጠጋውን በውኃ ተን መልክ ያጣል። ከዚህ እጅግ ከበዛ ጫጩቱ ይደርቃል፤ እጅግ ካነሰም ለመጀመሪያው ትንፋሹ የሚያስፈልገው የአየር ክፍል ይጠብበታል።

አሁን እንቁላሉን ወደ 3500 ሜትር ከፍታ እናውጣው። በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጋዞች እርስ በርስ የሚሰራጩበት ፍጥነት የግፊት ተገላቢጦሽ በመሆኑ፣ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን የውኃው ተን በአንድ ተኩል እጥፍ ፍጥነት ሊወጣ ነው። ተፈጥሮ ለዚህ መልስ አላት፤ በከፍተኛ ቦታ በሚራቡ በርካታ ወፎች ላይ የተደረጉ ልኬቶች ቅርፊቱ ተን የማሳለፍ አቅሙ ከቆላ ዘመዶቹ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ ሌላ፣ ዝናብ ባለበት ወራት አየሩ ራሱ ተን ስለሚይዝ ከእንቁላሉ የሚወጣው ይቀንሳል። የመራቢያው ወቅትና የዝናቡ ወቅት አብረው መሄዳቸው በዋነኛነት ከምግብ ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ለእንቁላሉም የሚያተርፈው ነገር አለ። ይህም ማለት ወፏ የመራቢያ ወራቷን ወደ በጋ እንድትገፋልን ልንጠይቃት አንችልም። ቀጠሮውን ማስተካከል ያለበት ሰው ነው።

የኮቴ ሒሳብ

ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ የበልግም የመኸርም እርሻ አለ። ማሳው ሁሉ ሲዘራ ከብቱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለሌለው ወደ ጨፌው ይገፋል። ወፏ እንቁላል በምትታቀፍበት ወራት ጨፌው በከብት የሚጨናነቀው በገበሬው ክፋት ሳይሆን በእርሻው የቀን መቁጠሪያ ምክንያት ነው።

ጉዳቱን ለመገመት ቀላል ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው እኛ ነን። አንድ ላም በቀን በአንድ ሄክታር ጨፌ ላይ 8000 የኮቴ አሻራ ትተዋለች እንበል። የእንቁላሎቹ ስፋትና የኮቴው ስፋት ተደምረው፣ ኮቴው ቢያርፍበት ጉዳት የሚደርስበት ቦታ 0.05 ካሬ ሜትር ይሁን። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ቀን በአንድ ላም ምክንያት የሚጠበቀው የመረገጥ ብዛት 8000 × 0.05 ÷ 10,000 = 0.04 ይሆናል። አምስት ከብት በሄክታር ካለ 0.2 ይመጣል። መታቀፉ 28 ቀን ይፈጃል ብንል፣ ጎጆው ሳይረገጥ የመትረፍ ዕድሉ e ወደ ነጌቲቭ 5.6 ነው፤ ከሺሕ ጎጆዎች አራት ያህል! አንድ ከብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ አንዱ ይተርፍ ነበር።

ተማሪዎቻችን ይህን ቀመር ያውቁታል፤ የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚፈራርስበት ሕግ ነው። ጎጆም እንደ አቶም «የግማሽ ዕድሜ» አለው ማለት ይቻላል፤ በአምስት ከብት ሦስት ቀን ተኩል ያህል፣ በአንድ ከብት ደግሞ አሥራ ሰባት ቀን ግድም። በእርግጥ ወፎቹ እንደ አቶም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ክንፋቸውን ዘርግተው እየጮኹ ከብት የሚያስቱበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ሒሳባችን ጨለምተኛ ነው። ነገር ግን በኔዘርላንድ የግጦሽ መስኮች ላይ በይንተማና ሙስኬንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በከብት የመረገጥን አደጋ የመረመሩት በዚሁ ዓይነት ስሌት ነበር።

ከቀመሩ የሚወጣው እጅግ ጠቃሚ ነገር ግን ይህ ነው። አሥር ሄክታር ጨፌ ላይ ሃምሳ ከብት በእኩል ቢበተን፣ ከላይ እንዳየነው ጎጆ የሚባል ከሞላ ጎደል አይተርፍም። እነዚያኑ ሃምሳ ከብቶች በአምስቱ ሄክታር ላይ ብቻ አሰማርተን ሌላውን አምስት ብንዘጋው፣ በተከፈተው ክፍል ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ በተዘጋው ያለው ግን ከኮቴ ይድናል፤ በድምሩ ግማሹ ይተርፋል። ከብቱ ያው ሃምሳ ነው። የተዘጋውም ሣር አይጠፋም፤ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ይታጨዳል ወይም ይጋጣል። በግማሽ መቀነስና ግማሹን መዝጋት በገበያ ሒሳብ አንድ ይመስላሉ፤ በኤክስፖኔንሻል ሒሳብ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የከብቱን ቁጥር በሁሉም ቦታ በግማሽ ብንቀንስ እንኳ የሚተርፈው ከመቶ ስድስት ብቻ ነው።

ጓሳ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን

ይህን ሳይንስ ያላስተማራቸው ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት ደርሰውበታል፤ ምክንያታቸው ወፍ ባይሆንም። ከመካነ ሰላም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአየር መስመር ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት፣ በመንዝ ከፍተኛ ቦታ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የጓሳ ሣር መሬት አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያገለግላል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ይህን መሬት ሲጠብቁት የኖሩት ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲሆን፣ አመጣጡን ከ17ኛው መቶ ዘመን ያደርሱታል።

ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነበር። መሬቱ ከማንኛውም ጥቅም፣ ከግጦሽም ከአጨዳም፣ ለሦስት ወይም እስከ አምስት ለሚደርሱ ተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል፤ ጊዜውም የበጋው ድርቅ በሚጠናበት በየካቲትና በመጋቢት ግድም ነው። በዚያ ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አጨዳው ሲያበቃ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሰውም ከብትም ወጥቶ መሬቱ እንደገና ይዘጋል። ተላላፊ ከተገኘ ቅጣቱ ከባድ ነበር።

ከወፏ አንጻር ስናየው፣ ሐምሌ 5 ብቻውን በቂ ቀን አይደለም፤ በሚያዝያና በግንቦት የሚታቀፉትን አይደርስላቸውም። በተከፈተበት ዓመት የሚጠፋው ጎጆ ብዙ ሳይሆን አልቀረም። ያዳናት ነገር ቀኑ ሳይሆን የተዘጋው ዓመት ብዛት ነው ብለን እናምናለን። አንድ ክፉ ዓመትን የሚከተሉ ሦስት ደግ ዓመታት መንጋን ያቆያሉ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የተወላጆቹን ብቸኛ መብት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ዐዋጁ ከሣሩ ተገልለው ለነበሩ ሰዎች በር ከፍቷል፤ ያንን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በሩን ሲከፍት ግን ቁልፉንም ጣለው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች በጋራ መተዳደሪያ ደንብ መሬቱን መልሰው ሲይዙ፣ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚለው ስም ወጣለት። ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳ ዝንጀሮውም፣ ደረተ ዝንጉርጉርም ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

በሌላ በኩል ከሆለታ አጠገብ ያለውን የበርጋን ረግረግ ማንሣት ይገባል። እዚያ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የተገኘችው ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ የዳርቻ ወፍ ባትሆንም፣ በመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉ የአፍሪካ ወፎች አንዷ ስትሆን ጎርፉ በሚተኛበት በክረምቱ ወራት እዚያው ትራባለች። በዚያም ጥበቃው የተጀመረው አጥር በማጠር ሳይሆን ከነዋሪው ጋር በመነጋገርና ለልጆቹ ትምህርት ቤት በማሠራት ነው።

ወደ ቦረና ስንመለስ

ቦረና የራሱ ጥብቅ ሥፍራ አለው። የደንቆሮ ጫካ የሚባለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት፣ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ፓርኩ ግን ጫካውንና ውርጩን እንጂ በየቀበሌው የተበተነውን ጨፌ ሁሉ ሊያካትት አይችልም፤ ሊያካትትም አይገባውም እንላለን፤ ጨፌው የሰው መተዳደሪያ ነውና። የሚያስፈልገው ቄሮን በቦረና ልክ መቁረጥ ነው፤ ጨፌውን በሁለት ወይም በሦስት መክፈል፣ አንዱን ክፍል ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ መዝጋት፣ ቢያንስ ሁለት ወር ተኩል ሳይነኩ ማቆየት፣ በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን ማፈራረቅ። በወሎ ምድር ይህ አዋጅ ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ብቻ ቢነገር ግማሹ ሰው አይሰማውም፤ ከመስጊዱም ከገበያውም አብሮ መነገር አለበት። በውኃ አጠገብ የሚተከለው ባሕር ዛፍም የውይይቱ አካል ቢሆን መልካም ነው፤ ዝግ ጨፌ ከደረቀ ማን ይታቀፍበታል?

ለተማሪዎች የሚሆን ሥራም አለ። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በጥር ወር አጋማሽ፣ ጥምቀት ግድም ነው፤ እንግዶቹም መንጋዎቹም በአንድነት የሚገኙበት ጊዜ ነው። አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ አቅርቦ ማያ መነጽርና በየዓመቱ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ መገኘት ይበቃል። በመራቢያው ወራት የሚቆጥር ግን በጨፌው ጠርዝ ይሂድ፤ ወፏ ከተነሣችለት ቆሞ ጎጆ አይፈልግ፣ መንገዱን ይቀጥል። ደመና በሆነ የደጋ ጥዋት፣ እናቲቱ ከላዩ የተነሣች እንቁላል ከአየሩ ጋር ሙቀቱን ለማስተካከል ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።