ርካሽ ዋጋ ከየት ይመጣል? ቅናሽ የአስቤዛ መደብሮች ድንበር የተሻገሩበት መንገድ

ከጀርመን የተነሡት አልዲ እና ሊድል የተባሉ የአስቤዛ መደብሮች ከአውሮፓ አልፈው አሜሪካ ገብተዋል፤ አልዲ በአውስትራሊያና በቻይናም ሱቆች አሉት። ሁለቱም የሚታወቁት በዋጋቸው ነው። ዘይት፣ ዱቄት፣ ወተት ወይም ሳሙና ሊገዛ የገባ ሸማች ከተለመደው ሱፐርማርኬት ያነሰ ከፍሎ ይወጣል። መደብሮቹ ግን በዚህ አልከሰሩም፤ ይልቁንም ዓመት በመጣ ቁጥር አዳዲስ ቅርንጫፎችን ይከፍታሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ነጋዴዎች ብቻ ተከልሎ የቆየው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶችም ተፈቅዷል። የእነዚህን መደብሮች አሠራር፣ የሚያስገኙትን ጥቅምና የሚያስከትሉትን ጫና አስቀድሞ መረዳት ለሸማቹም፣ ለአምራቹም፣ ለባለ ሱቁም ይበጃል። ከዚህ በኋላ በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንዲት ሱቅ የተነሣ አሠራር

የአልዲ ታሪክ የሚጀምረው የአልብሬክት ቤተሰብ በ1913 በጀርመኗ ኤሰን ከተማ ከከፈተው አነስተኛ ሱቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት በኋላ ካርል እና ቴዎ የተባሉት ወንድማማቾች ሱቁን ከወላጆቻቸው ተረከቡ። አገሪቱ ፈርሳ፣ ሕዝቡም ለዕለት ጉርሱ የሚጨነቅበት ወቅት ነበር። ወንድማማቾቹ መደርደሪያውን በብዙ ዓይነት ዕቃ ለመሙላት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው በጥቂት ሸቀጦች ብቻ መነገድ ጀመሩ። ውሎ አድሮ ግን ችግር ያስገደዳቸው አሠራር ወጪን እንደሚቀንስና ትርፍ እንደሚያስገኝ ተረዱ፤ ገንዘብ ካገኙም በኋላ በዚያው ጸኑ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲጋራ በመሸጥና ባለመሸጥ ጉዳይ ባለመስማማታቸው ድርጅቱን አልዲ ሰሜን እና አልዲ ደቡብ ብለው ተካፈሉት። «አልዲ» የሚለው ስም «አልብሬክት» እና «ዲስካውንት» ከሚሉት ሁለት ቃላት መነሻ የተሠራ ነው።

ተፎካካሪው ሊድል የመጀመሪያውን ቅናሽ ሱቅ የከፈተው በ1973 ሉድቪግስሃፈን በተባለች ከተማ ነው። የባለቤቱ የዲተር ሽቫርትስ የቤተሰብ ስም «ገበያ» ከሚለው ቃል ጋር ሲጣመር በጀርመንኛ «ጥቁር ገበያ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ይህን ለማስወገድ ሊድል የሚል ስም ካላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር የስሙን መጠቀሚያ መብት በ1,000 ማርክ ገዙ።

ዋጋው የሚቀንስባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው የዕቃውን ዓይነት ማሳነስ ነው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት 30,000 ገደማ ዓይነት ዕቃ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ የአልዲ ሱቅ የሚገኘው ግን 2,000 ገደማ ነው። በተለመደው መደብር ሃያ ዓይነት የቲማቲም ድልህ ቢደረደር፣ የሸማቹ ግዢ ለሃያ አምራቾች ይበታተናል። በቅናሽ መደብር ግን አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሚኖር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሱቆች ፍላጎት ለአንድ አምራች የሚሰጥ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ይሆናል። አምራቹ ማሽኑን ሳይቀያይር አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ስለሚያመርት የእርሱም ወጪ ይወርዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የማጓጓዣው፣ የመጋዘኑና የማሸጊያው ወጪ ለብዙ ዕቃ ሲካፈል በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ድርሻ ቀላል ነው።

ሁለተኛው በራስ ስም ማስመረት ነው። ታዋቂ ምርት ሲገዛ ሸማቹ የማስታወቂያውንም ወጪ አብሮ ይከፍላል። አልዲ በአሜሪካ ከሚሸጣቸው ዕቃዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራሱን የንግድ ምልክት የያዙ ናቸው። አሠራሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምልክቱ በሌላ መደብር ስለማይገኝ ሸማቹ ያንኑ ዕቃ ከሌላ ቦታ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ያዳግተዋል።

ሦስተኛው የሰው ጉልበትንና ጊዜን መቆጠብ ነው። ዕቃው አንድ በአንድ አይደረደርም፤ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የዋጋ መለያው ባርኮድ በበርካታ ጎኖች ስለሚታተም ሒሳብ ተቀባዩ ዕቃውን እያገላበጠ አይፈልግም። የዕቃ መግፊያውን ጋሪ ለመውሰድ ሸማቹ ሳንቲም ያስይዛል፤ ሳንቲሙን ለማስመለስ ጋሪውን ራሱ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ስለዚህ ጋሪ ሰብሳቢ ሠራተኛ አያስፈልግም። ያው ሠራተኛ ሒሳብ ይቀበላል፣ ዕቃ ያስገባል፣ ወለል ያጸዳል።

አራተኛው የገንዘብ ፍጥነት ነው። ዛሬ የገባ ወተት በጥቂት ቀናት ተሽጦ ያልቃል፤ የአቅራቢው ክፍያ ግን ከሳምንታት በኋላ ሊፈጸም ይችላል። በዚህ መካከል መደብሩ የሸማቹን ገንዘብ ይዞ ሌላ ዕቃ ያዛል፣ ሌላ ቅርንጫፍም ይከፍታል። ከእያንዳንዱ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም ዕቃው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚዞር ድምሩ ከፍ ይላል።

ነባሮቹ መደብሮች የሰጡት ምላሽ

ይህ አሠራር አዲስ ገበያ ሲገባ የሚሆነውን ለማየት ብሪታንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። አልዲ በ1990፣ ሊድል ደግሞ በ1994 ሲገቡ ብዙዎች የድኻ ሱቅ አድርገው ቆጥረዋቸው ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግን የመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦችም ወደ እነርሱ አዘነበሉ። በ2022 አልዲ ሞሪሰንስ የተባለውን ነባር መደብር ቀድሞ በሽያጭ ድርሻ የአገሪቱ አራተኛ ሆነ።

የአገሪቱ ትልቁ መደብር ቴስኮ በ2018 ጃክስ የተባለ የራሱን ቅናሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ አልዘለቀም፤ በ2022 ተዘጋ። የተሻለ የሠራለት በ2020 የጀመረው ሌላ ስልት ነው፤ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ዋጋውን ከአልዲ ዋጋ ጋር ማስተካከል። በዚህም የቅናሽ መደብሩን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሸማች ጭምር ተጠቃሚ ሆነ። በእርግጥም የእነዚህ መደብሮች ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ራሳቸው ከሚሸጡት ባሻገር የሌሎችንም ዋጋ ያወርዳሉ።

ድንበር ሲሻገሩ

መደብሮቹ ወደ ውጭ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ቅርብ ከሆነው ገበያ ጀምረው ነው። አልዲ ደቡብ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ጎረቤት ኦስትሪያ የገባው ሆፈር የተባለውን የአገሩን ድርጅት በመግዛት ነው፤ ዛሬም በዚያ የሚሠራው በዚሁ ስም ነው። ሊድል የመጀመሪያ የውጭ ሱቁን የከፈተው በ1989 በፈረንሳይ ነበር።

በሚገቡበት አገር ሁሉ የጉዳዩ እምብርት መጋዘኑ ነው። የጭነት መኪናዎች በቀላሉ ደርሰው የሚመለሱበት ትልቅ የማከፋፈያ መጋዘን ይሠራል፤ ሱቆቹም በዙሪያው ይሰባሰባሉ። የሱቆቹ ቁጥር እስኪበዛ ድረስ መጋዘኑ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለዓመታት መታገሥ የሚችል ባለቤት ያስፈልጋል። አልዲም ሆነ ሊድል አክሲዮናቸው በገበያ የማይሸጥ የግል ድርጅቶች በመሆናቸው በየሩብ ዓመቱ ትርፍ አሳዩ ብሎ የሚያስጨንቃቸው የለም። አልዲ አሜሪካ የገባው በ1976 ነው፤ ከ2,000 በላይ ሱቆች ለመድረስ ግን አሥርት ዓመታት ወስዶበታል።

ሊድል በ2017 ወደ አሜሪካ ሲገባ ዋና መሥሪያ ቤቱን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ፣ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን አደረገ። መጀመሪያ የከፈታቸው ሱቆች ግን በጣም ሰፊ ስለነበሩ ወጪያቸው ከአሠራሩ ጋር አልተጣጣመም፤ በኋላ አነስ ያሉ ሱቆችን ወደ መክፈት ዞሯል።

ከነጭራሹ ያልተሳካባቸው አገሮችም አሉ። ሊድል በ2004 ኖርዌይ ገብቶ በ2008 ሱቆቹን ሬማ 1000 ለተባለው የአገሩ ድርጅት ሸጦ ወጣ። ሬማ 1000 ራሱ ከአልዲ የተማረ ነበር፤ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የሚይዛቸውን ዕቃዎች ብዛት ለማመልከት የተሰጠ ነው። የምግብ ማስገቢያ ቀረጡ ከፍተኛ በሆነበትና ርካሽ ሻጭ ቀድሞ በነበረበት አገር እንግዳው የተለየ የሚያቀርበው አልነበረውም። አልዲም ከግሪክ በ2010 ወጥቷል፤ ከ40 ዓመት በላይ ከሠራበት ከዴንማርክም በ2022 ለመውጣት ወስኗል።

ግዙፍነት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የአሜሪካው ዋልማርት ታሪክ ያሳያል። በ1997 ጀርመን የገባው ዋልማርት የአልዲንና የሊድልን ዋጋ መርታት አቅቶት፣ በ2006 85 ሱቆቹን ሜትሮ ለተባለው የጀርመን ድርጅት አስረክቦ ወጣ።

አሠራሩ በአፍሪካ

በአፍሪካ ይህን አሠራር በስፋት የሞከረው በ1995 የተመሠረተው የቱርኩ ቢም ነው። አልዲን አርአያ አድርጎ በየሰፈሩ ትንንሽ ሱቆችን የሚከፍተው ቢም፣ በ2009 ሞሮኮ፣ በ2013 ደግሞ ግብፅ ገባ። በሞሮኮ ሸማቾች ቢወዱትም የሰፈር ባለ ሱቆች አማረሩ። በ2020 የአገሪቱ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት ሙላይ ሃፊድ ኤላላሚ፣ ከሚሸጠው ዕቃ ቢያንስ ግማሹ የሞሮኮ ምርት እንዲሆን ድርጅቱን አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመትም ሞሮኮ ከቱርክ ጋር የነበራት የነጻ ንግድ ስምምነት ተሻሻለ።

የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት ያጋጠመው ፈተና ደግሞ የተለየ ነበር። ይህ በዝቅተኛ ዋጋ የሚታወቅ ድርጅት በ2005 የገባባትን ናይጄሪያን በ2021 ለቀቀ፤ ከኬንያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጣ። በአህጉሩ ለሚሠሩ እንዲህ ላሉ ድርጅቶች ዋና ፈተና የሆነው የምንዛሬ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ በዶላር ገዝቶ፣ በየጊዜው በሚዳከም የአገር ውስጥ ገንዘብ የሚሸጥ መደብር ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሊያቆይ አይችልም።

የርካሹን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ከወጪ ቅነሳው የተወሰነው የሚገኘው ከብልህ አሠራር ነው፤ ካርቶኑና ጋሪው ማንንም አይጎዱም። ቀሪው ግን በሌላው ትከሻ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ምርቱን በሙሉ ለአንድ ገዢ የሚሸጥ ገበሬ ወይም ፋብሪካ ገዢው ዋጋ ቀንስ ሲለው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

አንዳንድ አገሮች ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። ብሪታንያ በ2013 በትልልቅ መደብሮችና በአቅራቢዎቻቸው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚከታተል ባለሥልጣን አቋቁማለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሚበላሹ ምርቶች ክፍያ ከ30 ቀናት፣ ለሌሎች የምግብ ምርቶች ደግሞ ከ60 ቀናት እንዳይዘገይ ደንግጓል። በመጨረሻው ሰዓት ትእዛዝ መሰረዝም ተከልክሏል።

ሸማቹም ቢሆን ሁልጊዜ የተጠበቀ አይደለም። በ2021 የቱርክ የውድድር ባለሥልጣን ቢምን ጨምሮ አምስት ትልልቅ መደብሮችን በዋጋ ተስማምተዋል በማለት ከአንድ አቅራቢያቸው ጋር 2.7 ቢሊዮን ሊራ ገደማ ቀጥቷል። ገበያው በጥቂት ድርጅቶች እጅ ሲገባ ዋጋ ያወረደው ፉክክር ሊቆም እንደሚችል ክሱ አመላካች ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

እንዲህ ያለ መደብር በኢትዮጵያ ርካሽ መሆን የሚችለው ዘይቱን፣ ፓስታውን፣ ዱቄቱንና ሳሙናውን ከአገር ውስጥ ፋብሪካ በብዛትና ወጥ በሆነ ጥራት ማግኘት ከቻለ ነው። ዕቃውን ከውጭ በዶላር የሚያስገባ ከሆነ ሾፕራይትን የፈተነው የምንዛሬ ችግር ይጠብቀዋል። ለአገር ውስጥ አምራች ግን በመደብሩ ስም ማምረት አስተማማኝ ትእዛዝ ያስገኛል፤ ክፍያው በወቅቱ እንዲፈጸም የሚያስገድድ ሕግ ካልተበጀ ያው ትእዛዝ ዕዳ ሊሆንበት ይችላል።

የሰፈሩ ሱቅና ጉሊት ደግሞ ቅናሽ መደብር የማይሰጠውን ይሰጣሉ። በዱቤ ይሸጣሉ፤ ዘይቱን በትንሽ መስፈሪያ፣ ሽንኩርቱን በመደብ ይቸረችራሉ፤ እስከ ምሽት ክፍት ናቸው። በወር አንዴ አስቤዛ ለመሸመት ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ የሚኖረው በእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ሱቁ ዕቃውን በበርካታ ደላላና አከፋፋይ እጅ አልፎ ስለሚያገኘው ዋጋው ይወደዳል። የእሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንኑ ሰንሰለት ለማሳጠር ይሠራሉ። ባለ ሱቆችም ተሰባስበው በአንድ ትእዛዝ ከፋብሪካ ቢገዙ፣ ወንድማማቾቹ አልብሬክት በኤሰን የተማሩትን በአቅማቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ በብዛት ገዝቶ፣ ቶሎ መሸጥ።