ስለሚከራይ ቤት አጠባበቅ

በየወረዳው ከተማና በየገበያው ዳር ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ለይተው ለተማሪ፣ ለአስተማሪ ወይም ለነጋዴ የሚያከራዩ ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸውን ከገጠር ለትምህርት እየላኩ እንዲህ ባለው ክፍል የሚያስቀምጡ ወላጆችም እንዲሁ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ይህ ምክራችን ቤት ለሚያከራየውም፣ ለልጁ ቤት ለሚከራየውም ይሆናል።

የኪራይ ገንዘብ ለጨውና ለዘይት፣ ለልጆችም ደብተር ይደርሳል። ነገር ግን ቤት እንደ ላም ነው፤ ሳይቀልቡ ማለብ አይቻልም። «እኔ አልተኛበት፣ ምን ቸገረኝ!» የሚል አከራይ አይታጣም። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ግቢው አንድ ነው፤ የውሃው ጉድጓድ አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በተከራዩ በር አጠገብ የተፈለፈለ ዝንብና ትንኝ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ባለቤቲቱ ልጆች ይመጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቤት የሚጠገነው ዝናብ ሳይገባ ነው። በግንቦት አንድ ቀን ወስናችሁ ቤቱን ከላይ እስከ ታች እንደሚከተለው መርምሩ።

1ኛ/ ክዳኑ፤ በቀን ወደ ቤቱ ገብታችሁ በርና መስኮቱን ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። ብርሃን በገባበት ዝናብም ይገባል። ቆርቆሮ ከሆነ የላላውን ሚስማር መልሳችሁ ምቱ፤ ሣር ከሆነ የሳሳውን ቦታ ድረቡበት። የሚያፈስ ክዳን ዛሬ በጥቂት ሚስማር ይድናል፤ ቢቆይ ግን ማገሩን ያበሰብሳል፣ ግድግዳውንም ይንዳል።

2ኛ/ ግድግዳውና ወለሉ፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ የትኋን መኖሪያ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አብኩታችሁ ጥቂት ቀን ካሳደራችሁ በኋላ ስንጥቁን ምረጉት። ከግድግዳው ሥር የምስጥ አፈር ብታዩ ቋሚው ሳይበላ ቶሎ አጽዱት። ቁንጫ በወለል አቧራ ውስጥ ስለሚራባ ወለሉን ደልድሉና ለቅልቁ። ወባ ባለበት አገር ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ግድግዳው ፀረ ወባ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ አትምረጉት፣ አትለቅልቁትም። አዲሱ ጭቃ መድኃኒቱን ይሸፍነዋል፤ ትንኟም ግድግዳው ላይ ብታርፍ አትሞትም። ምርጊት ከርጭት በፊት ነው።

3ኛ/ የውሃው መውረጃ፤ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱለት። ለምርጊት አፈር የቆፈራችሁበትን ጉድጓድም መልሳችሁ ድፈኑት። የወባ ትንኝ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ዕንቁላሉም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ትንኝ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ የቆመ ውሃ ሳምንት ሳይሞላው ይፍሰስ። ወባ የቆላ በሽታ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው ወረርሽኝ ከፍ ባሉት ቦታዎች ሳይቀር ገብቶ 150,000 ያህል እንደሆነ የተገመተ ሕዝብ ፈጅቷል።

4ኛ/ መስኮቱ፤ መስኮት የሌለውን ክፍል ለሰው ማከራየት ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ተማሪዎች በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ይተኛሉ። የከሰሉ መርዝ ሽታ ስለሌለው ሳያውቁት ተኝተው ይቀራሉ። የሚከፈት መስኮትና ከላይ የጭስ መውጫ አብጁ፤ «ከሰል በውጭ ተያይዞ በውጭ ይጥፋ» ብላችሁም ንገሯቸው። ደግሞም ኪራይ እንዲበዛ ብላችሁ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ልጅ አታጭቁ። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ሰው በተፋፈገበት ይበረታል።

5ኛ/ ሽንት ቤቱ፤ ጉድጓዱ ከመጠጥ ውሃው 30 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከውሃውም በታች በኩል ይሁን። ቀዳዳው መክደኛ ይኑረው፤ በጎኑም አመድ ይቀመጥና ከተጠቀሙ በኋላ ይበተንበት። ጉድጓዱ ሞልቶ ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በአፈር ደፍናችሁ ሌላ ቆፍሩ። ሽንት ቤት የሌለው ተከራይ ወደ ጓሮ መውጣቱ አይቀርም። ትራኮማን ከዐይን ወደ ዐይን የሚያመላልሰው ዝንብ ደግሞ የሚራባው በሜዳ በተጣለ ዐይነ ምድር ላይ ነው። ትራኮማም ዐይን ያሳውራል።

ታዲያ ወጪው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕግ ወይም በውል በተከራዩ ላይ ካልተጣለ በቀር፣ በኪራዩ ዘመን የሚያስፈልገውን እድሳት አከራዩ እንዲያደርግ ያዝዛል። ተከራይም የራሱ ሥራ አለው፤ ክፍሉን ይጠርጋል፣ ሽንት ቤቱን በተራው ያጸዳል፣ ክዳኑ ባፈሰሰ ዕለት ሳይውል ሳያድር ይናገራል። ይህን ሁሉ ሲገቡ ተነጋገሩበት። ቅሬታ ይዞ የመጣውን ልጅም አትቆጡት፤ ለቤታችሁ ዘበኛ ነው እኮ።

ገንዘቡን ከወዴት እናምጣ ትሉ ይሆናል። ጭቃና ጭድ ከደጃችሁ ነው፤ ጉልበቱንም ጎረቤት ያግዛል። ለሚስማርና ለቆርቆሮ ግን ከየወሩ ኪራይ ጥቂት ጥቂት ለብቻ ቋጥሩ፤ ያቺ ቋጠሮ ለሌላ ነገር አትፈታ።

ልጃችሁን ከተማ የምታስቀምጡ ወላጆች ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ክፍሉን በዐይናችሁ እዩት። ኪራዩ ስለ ረከሰ ብቻ አትቸኩሉ። መስኮቱ ይከፈታል ወይ? ሽንት ቤቱ ወዴት ነው? ውሃውስ? ብላችሁ ጠይቁ።

ያልገባችሁ ነገር ቢኖር በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። በደንብ የተያዘ ቤት ለባለቤቱ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ለእንግዳውም ልጅ ጤና ይሆነዋል።