ጥር 23 በእንጅባራ፦ በፈረሰኞች አገር እንግዳ ሲሆኑ

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ የብዙዎቻችን ቤት በእንግዳ ይሞላል። ከዋሽንግተን የመጣ የእህት ልጅ፣ ከዱባይ የተመለሰች ዘመድ፣ አንዳንዴም አማርኛ የማያውቅ የውጭ አገር አማች ይኖራል። ጃን ሜዳን አሳይተዋቸዋል፤ ጎንደርንም አስበው ይሆናል። ከዚያስ? ከጥምቀት 12 ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል በዕቅድዎ ያስገቡ። ቀኑ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ላይ ስለሚውል ከውጭ የሚመጣው እንግዳ የመመለሻ ቲኬቱን ሲቆርጥ ቀድሞ ሊያስብበት ይችላል።

በዓሉ የማን ነው?

ከመሄድዎ በፊት ለልጆችዎ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ይህ ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ ትርኢት አይደለም፤ ባለቤት አለው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የጣሊያን ወራሪ ገና ከአገር አልወጣም ነበር። ማኅበሩ በዓድዋ፣ በኋላም በአርበኝነቱ ዘመን የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ቀኑም ትርጉም አለው። ወር በገባ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዓድዋ ድል የተገኘውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር።

«ሰባት ቤት» የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም። አባላቱ ለሠርጉም ለለቅሶውም በፈረስ ይወጣሉ፤ የተጣላም ያስታርቃሉ። እኛ በከተማ እድር የምንለውን ነገር እዚያ ኮርቻ ላይ ያገኙታል።

ምን ያያሉ?

ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሜዳውን ይሞሉታል። ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ ፈረሱ እንደሚጨፍር አንገቱን ቀልብሶ የሚራመድበት ስግሪያ አለ፤ ጋሻና ዘንግ ይዘው የሚፋለሙበት ጉግስም አለ። ሽማግሌውና ወጣቱ ጎን ለጎን ይጋልባሉ።

የአዲስ አበባ ልጅ ፈረስን የሚያውቀው ጋሪ ሲጎትት፣ ወይም በየመንገዱ ተጥሎ ቆሻሻ ሲበላ ነው። በአዊ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ፈረስ እንደ በሬ ቀንበር ተጠምዶ ሲያርስም ያያል። በበዓሉ ቀን የሚያጌጠው ዓመቱን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር የሠራው ፈረስ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ግልቢያውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

በመንገድ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም ጨዋታ ይጫወቱ። አባ ታጠቅ ማን ናቸው? አፄ ቴዎድሮስ። አባ ዳኘው? አፄ ምኒልክ። አባ ነጋ? ራስ አሉላ። አባ ነፍሶ? ደጃዝማች ባልቻ። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ልጆቹ ሲረዱ፣ ሜዳው ላይ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የፈረስዎ ስም ማን ነው?» ይሆናል። ከዚህ የተሻለ የመተዋወቂያ ጥያቄ አያገኙም።

የእንግዳ ወግ

- ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ባለፈረሱ እሺ ካለ ልጁን ያቅርቡ፤ ፈረሱን ሳያስፈቅዱ አይንኩ።
- ከፈረስ ኋላ አይቁሙ፤ የመጋለቢያውን ሜዳም አያቋርጡ። የትንንሽ ልጆችን እጅ አይልቀቁ።
- የአካባቢው ቋንቋ አውንጊ ነው። አብዛኛው ሰው አማርኛ ይናገራል፤ ቢሆንም የሰላምታውን ቃል ከአንድ ሰው ጠይቀው ይማሩ። ከውጭ ለመጣው እንግዳዎ ደስ የሚለው ነገር በዚህ ሜዳ እርስዎም እንደ እሱ ጠያቂ መሆንዎ ነው።
- ጠላ ወይም ጠጅ ሲቀርብልዎ የማይጠጡ ከሆነ በትሕትና አመስግነው ይለፉ፤ የቀረበውን ምግብ ግን ቀመስ ያድርጉ።

ጉዞው

እንጅባራ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ አባይ በረሃን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስና በቡሬ ያልፋል። በክልሉ ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ስለነበረ፣ ከመነሳትዎ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ደውለው ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ መልሱ ካላጽናናዎት ጉዞውን ለከርሞ ያቆዩት። አልጋ አስቀድመው ይያዙ። ከተማዋ ደጋ ናት፤ የጥር ሌሊት ብርዷ ይጠናል፤ ለልጆቹ ወፍራም ሹራብና ኮፍያ አይርሱ።

በማግስቱ ሳይቸኩሉ ዘንገና ሐይቅን ይጎብኙ። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር የሚበልጥ ክብ ሐይቅ ነው። ዳሩ ቁልቁለት ስለሆነ ልጆችን አስጠግተው ይያዙ።

ከዚያ የባሕር ዳርን መንገድ ይዘው ወደ አዲስ ቅዳም ይዝለቁ። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ግራና ቀኝ የሚያዩት አረንጓዴ ደን የተፈጥሮ አይደለም፤ ገበሬው በማሳው ላይ የተከለው ዲከረንስ ነው። ዛፉ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከሰል ይሆናል፤ እርስዎ ቤት ቡና የፈላበት ከሰል ከዚህ ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ዛፉን ጎድቶታል። ሻይ ለመጠጣት ቆም ሲሉ ስለ ዛፉ ቢጠይቁ የወሬ ርዕስ አያጡም።

ከአዲስ ቅዳም ዳንግላን አልፈው ባሕር ዳር ማደር ይችላሉ። ልጆቹ በመኪናው ውስጥ ለራሳቸው የፈረስ ስም ሲያወጡ ይሰማሉ፤ «አባ» ብሎ የሚጀምር ስም ለእርስዎም አስቀድመው ያስቡ።