በመድኃኒት ሳቢያ የሚከሰት አስጊ የቆዳ መላጥ፦ ከጤና ጣቢያ የሚጀምር ሕክምና በጋሞ ዞን

ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም እና ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ የአንድ ሕመም ሁለት ደረጃዎች ናቸው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ለመድኃኒት በሚሰጡት የተዛባ ምላሽ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ይሞታል፤ አፍ፣ ዓይንና ብልትም ይቆስላሉ። የተላጠው ቆዳ ከጠቅላላው የሰውነት ገጽ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን የመጀመሪያው፣ ከ30 በመቶ ሲበልጥ ሁለተኛው ስያሜ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ደረጃ ከሚገኙት ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ለሞት ይዳረጋሉ።

መንስኤዎቹ በየጤና ጣቢያው የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ሰልፋ ያለበት ፋንሲዳር እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ አርባ ምንጭን በመሰሉ ወባማ አካባቢዎች ቀዳሚ የወባ መድኃኒት ነበር። ወባ ፋንሲዳርን በመላመዱ በኮአርተም ቢተካም፣ ሌላው የሰልፋ መድኃኒት ኮትራይሞክሳዞል እንዲሁም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ዛሬም በሰፊው ይታዘዛሉ።

ዋናው ሕክምና መንስኤውን መድኃኒት ወዲያውኑ ማቋረጥ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሰውነት ቶሎ የሚወገድ መድኃኒት አንድ ቀን ቀድሞ ሲቋረጥ የሞት ዕድሉ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፊኖባርቢታልን ለመሰሉ በሰውነት ውስጥ ለሚቆዩ መድኃኒቶች ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ የሚመጣ ታካሚ አርባ ምንጭ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም፤ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በመጀመሪያ ያየው ባለሙያ ነው። ፊኖባርቢታል ሲቋረጥ የሚጥል በሽታው እንዳያገረሽ ምትክ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ተመሳሳይ ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ምትክ ሊሆኑ አይገባም።

በሆስፒታል የሚሰጠው እንክብካቤ የቃጠሎ ሕክምናን ይመስላል፤ ልዩነቶች ግን አሉት። የሚሰጠው ፈሳሽ ስፋቱ ተመሳሳይ ለሆነ ቃጠሎ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። መንስኤው ሰልፋ ከሆነ፣ ለቃጠሎ የተለመደው ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባት አይደረግም። ኢንፌክሽን ሳይኖር ፀረ ባክቴሪያ በቅድሚያ አይሰጥም። የዓይን ሽፋኖች ተጣብቀው ለዓይነ ስውርነት እንዳይዳርጉ ዓይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታየት አለበት። ስቴሮይድና ሳይክሎስፖሪን እስካሁን የጋራ ስምምነት አልተደረሰባቸውም።

ምልክቶቹ በአብዛኛው መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀናት ውስጥ ይታያሉ። ስለሆነም መድኃኒት ሲታደል “ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍ ቁስል ወይም የሚያም ሽፍታ ከታየ ወዲያው ተመለሱ” የሚል ምክር በታካሚው ቋንቋ ሊነገር ይገባል። ከሕመሙ የዳነም ሰው የመድኃኒቱን ስም በካርድ ይዞ መሄድ አለበት፤ ያው መድኃኒት ዳግመኛ ቢታዘዝለት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላልና።