ፉከራና ከባድ ሙዚቃ፤ በብርቱ ድምፅ ስለሚታገዝ ንግግር

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የሚገኙት ትክል ድንጋይና አካባቢው፣ እንደ ቀረው የሰሜን ጎንደር ደጋ ሁሉ፣ የሽለላ፣ የቀረርቶና የፉከራ አገር ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፉከራን በምዕራቡ ዓለም ሄቪ ሜታል ከተባለው ሙዚቃ ጋር ማነጻጸር ነው። ንጽጽሩ እንግዳ ቢመስልም ሁለቱም የሚያስነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በተራ ንግግር የማይነገር ስሜት በብርቱ ድምፅ ሲታገዝ ስለ ምን ይነገራል? የሚል ነው።

አስቀድሞ ልዩነቱን መለየት ይገባል። ቀረርቶ ድምፅን አርዝሞና ከጥብቅ ምት ተላቆ የሚዜም ነው። ፉከራ ግን ይነገራል እንጂ አይዘፈንም። ፎካሪው «አካኪ ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ መሣሪያውን ይዞ እየተንጎራደደ ቤት የሚመታውን ስንኝ በፍጥነት ያወርደዋል፤ የዘሩን ስም ይጠራል፤ የፈጸመውን ጀብዱ ይቈጥራል። አዝማሪ ካለ መሲንቆው ከፈረስ ጭራ በተሠራው ብቸኛ አውታሩ ይከተለዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ጓደኞቹም በጩኸት ያግዙታል።

ምክንያቱን ከባህሉ እናገኘዋለን። በአማራ ዘንድ ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ ወንድ ልጅም ኀዘኑን አፍኖ እንዲይዝ ይጠበቅበታል። በፉከራ ጊዜ ግን ይህ ክልከላ ይነሣል። በሠርግ ቤት ትምክሕቱ፣ በጀግና ለቅሶ ላይም ኀዘኑና ቍጣው ያለ ኀፍረት ይወጣል። ስለዚህ ድምፁ የንግግሩ ጌጥ አይደለም፤ የመናገር ፈቃድ ነው።

ሄቪ ሜታል የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1970 ካወጣው ከበርሚንግሃሙ ብላክ ሳባዝ ጋር ስሙ ይያያዛል። መለያው ከመጠን በላይ ጎልቶ የሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ነው። አይረን ሜይደን የተባለው ጓድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የመድረክ ቅጂ፣ ቸርችል ሰኔ 4 ቀን 1940 ካደረገው ንግግር የተወሰደ ቃል ከዘፈኑ አስቀድሞ ይሰማል። ሙዚቃው ሬጌ ይሁን እንጂ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 4 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያሰሙት ንግግርም በ1976 የቦብ ማርሊ ዘፈን ሆኗል።

ነገር ግን ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ተናጋሪው በስፍራው የለም፤ ቃሉ ከዕለቱ ተቈርጦ የብዙ አድማጮች ስሜት መግለጫ ሆኗል። የትክል ድንጋይ ፎካሪ ግን ቃሉን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይናገራልና ይጠየቅበታል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ለዘመቻ የፎከረ አርበኛ ቃሉን ማጽናት ነበረበት። በሰላምም ጊዜ ያለ ቦታው የተሰነዘረ ፉከራ የተኛ ቂም ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ሲግል አይተው ያበርዱታል።

ከዚህ የተነሣ ስንኙን ብቻ ጽፎ የሚመለስ ተመራማሪ የያዘው ትምክሕቱን ብቻ ነው። ማን በማን ፊት እንደ ፎከረ፣ መሲንቆው የት እንደ ገባ፣ እልልታው መቼ እንደ ተነሣና ማን ዝም እንዳለ አብሮ መመዝገብ አለበት፤ የፉከራው ፍች ያለው በዚያ ውስጥ ነውና።